በሶብላን በጓሮ ማልማትና መሰብሰብ፦ ለጤና የሚጠቅመው እንዴት ነው? የማይተካውስ ምንድን ነው?

የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪም ቤት ሲወጣ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ጨው ይቀንሱ» የሚል ነው። ቤት ሲደርስ ግን ወጡ አልጣፍጥ ይለዋል፤ በሦስተኛው ቀን ጨው እንደ ድሮው ይጨመራል። ይህን ችግር ለማቃለል ከሚረዱ ነገሮች አንዱ ብዙ ጊዜ ከቤት ጀርባ ይበቅላል። በሶብላ ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ በሶብላን በደጀንና በአካባቢው ባለ ደጋማ ጓሮ እንዴት እንደሚዘሩ፣ እንደሚሰበስቡና እንደሚያደርቁ ያገኛሉ። ቅጠሉ ለጤና በእርግጥ የሚጠቅመው የት ላይ እንደሆነ፣ ከጤና ተቋም ሊያዘገይዎት የማይገባው ደግሞ መቼ እንደሆነ እናያለን። በተለይ ትኩሳትን የሚመለከተውን ክፍል ሳያነቡ እንዳያልፉ አደራ እላለሁ።

በሶብላ ምን ዓይነት ተክል ነው?

በሶብላ ከዘር የሚበቅል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ዕድሜውን የሚጨርስ፣ ከጉልበት ብዙም የማያልፍ ሽቶ ያለው ተክል ነው። የእኛ አገሩ ዓይነት ግንዱና አበባው ወደ ሐምራዊነት ያደላል፤ ሽታውም ጠንካራ ነው። በውጭ አገር ምግብ ቤቶች ፓስታ ላይ የሚነሰነሰው ሰፊና አረንጓዴ ቅጠል ያለው ባሲል የእሱ ዘመድ ነው። ተክሉ አንድ ይሁን እንጂ ዝርያው ይለያያል። (ስሙ «በሶ ብላ» የሚል ስለሚመስል ልጆች በሶ ላይ የሚበላ ይመስላቸዋል። የሚገባው ግን ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድልህና ንጥር ቅቤ ውስጥ ነው።)

በሶብላንና ዳማከሴን አንድ አድርገው የሚያዩ ታካሚዎች ያጋጥሙናል። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ቅጠላቸውን ሲያሹት የሚሰጡት ሽታም የሚቀራረብበት ጊዜ አለ። ዳማከሴ ግን ግንዱ የሚጠነክር፣ ከዓመት ዓመት የሚቆይ ቁጥቋጦ ነው፤ ቦታውም ወጥ ቤት ሳይሆን «ምች» ሲባል የሚቆረጥበት አጥር ሥር ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። አንዱን በምግብ መጠን እንበላዋለን፤ ሌላውን ጨምቀን እንደ መድኃኒት እንጠጣዋለን። ጥንቃቄያቸውም ስለዚህ ይለያያል።

በደጀን አየር መቼ ይዘራል?

ደጀን ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚልቅ ከፍታ ላይ፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ የተቀመጠች ናት። በሶብላ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ቅጠሉ መጥቆር ይጀምራል፤ ውርጭ ካገኘው በአንድ ሌሊት ይረግፋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ «እንዴት ይዘራል?» ሳይሆን «መቼ?» የሚለው ነው።

የሚመቸው አካሄድ ዘሩን በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት፣ ቀኑ ሞቃት ሳለ፣ በትንሽ ዕቃ ላይ አፍልቶ ክረምቱ ሲገባ ችግኙን ወደ መደብ ማዛወር ነው። ተክሉ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ይዞ ያድጋል፤ በመስከረምና በጥቅምት ፀሐይ ያብባል። ውርጩ ሳይመጣ፣ ማለትም ኅዳር ሳይገፋ፣ ሰብስበው ይጨርሳሉ። ውኃ በቅርብ ያላቸው ቤተሰቦች በየካቲት ዘርተው በበጋም ሊያገኙ ይችላሉ። ወደ በረሃው ወረድ ባሉ ቀበሌዎች ያለ ሰው የብርድ ችግር የለበትም፤ የእሱ ችግር ውኃ ነው።

ጓሮ የሌለው ሰውም አይቀርበትም። ደቡብን ወይም ምሥራቅን በሚያይ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ጀሪካን ወይም የተሰነጠቀ ገንቦ ሁለት ሦስት እግር በሶብላ ይይዛል። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚመልስ ተክሉን ከብርድ ይጠብቀዋል። ማታ ማታ ወደ በረንዳ ማስገባትም ይቻላል። የዘይት ጀሪካን ከሆነ በደንብ አጥበው ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ ይብሱት። የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ ዕቃ ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ ተክልም፣ ለውኃ መቅጃም አይሆንም። ኬሚካሉ በፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል።

መሬቱ፣ መደቡና ጫማው

የአካባቢው ጥቁር መሬት ለጤፍ መልካም ነው፤ ለበሶብላ ግን ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥርበታል፤ ሥሩም ይበሰብሳል። መደቡን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ የበሰለ ኮምፖስትና ካለ ጥቂት አሸዋ ቀላቅሉበት። ፍግ የሚጠቀሙ ከሆነ ከበረት እንደወጣ አይበትኑት፤ ለወራት ተከምሮ እስኪበስልና ሽታው ጠፍቶ አፈር እስኪመስል ይጠብቁ። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ከዚህም በላይ ቅጠሉን በጥሬው ድልህ ውስጥ የሚጨምሩ ከሆነ የአንጀት ተሕዋስያንን ወደ ገበታ ያመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። ጓሮ ሲቆፍሩ ጫማ ያድርጉ። በጎጃም ደጋማ ቦታዎች «ዝሆኔ» የምንለው የእግር እብጠት አለ። በብዙ ሰዎች ዘንድ በዘር ወይም በእርግማን የሚመጣ ይመስላል። እዚህ ደጋ ላይ የምናየው ዓይነት ግን የሚመጣው በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ጋር ባዶ እግር ለዓመታት በመነካካት ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ማዕድናት በቆዳ ገብተው የእግርን የፈሳሽ መተላለፊያ ቱቦዎች ይጎዳሉ። አንዳንድ ቤተሰብ በተፈጥሮው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ እውነት ነው፤ ሕመሙ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የተዘጋ ጫማ ማድረግና ማታ እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። እግራቸው ማበጥ ለጀመረም በየቀኑ መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። የጓሮ ሥራ ትንሽ ነው ተብሎ ጫማ የሚወልቅበት ሥራ ስለሆነ ነው ይህን ማንሳቴ።

አዘራርና እንክብካቤ

የበሶብላ ዘር ጥቁርና ደቃቅ ነው፤ ውኃ ሲነካው ዙሪያውን እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጭ ነገር ያወጣል። ይህ ጤናማ ምልክት ነው፤ የተበላሸ መስሏችሁ አትጣሉት። እርጥብ አፈር ላይ በትነው እጅግ ስስ በሆነ አፈር ብቻ ያልብሱት። ከግማሽ ሳንቲሜትር በላይ ከተቀበረ ላይወጣ ይችላል። ሙቀት ካገኘ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈላል፤ በቀዝቃዛ ሳምንት ግን ሁለት ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። ውኃውን በእጅ እየረጩ ያጠጡ። በባልዲ ካፈሰሱት ዘሩ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል።

ችግኙ አራት ወይም ስድስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ በአንድ ስንዝር ወይም ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ይትከሉት። ጠጋ ጠጋ ብሎ የተተከለ በሶብላ በክረምት ነፋስ ስለማያገኝ ሻጋታ ይይዘዋል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ይምረጡ። ዝናብ ሲቆም አፈሩን በጣት ነክተው ሲደርቅ ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከሥሩ ያጠጡት።

ቁመቱ 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ሲደርስ ጫፉን ከጥንድ ቅጠሎች በላይ በጥፍርዎ ይቁረጡት። ከእያንዳንዱ ቅጠል ብብት አንዳንድ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ አንዱ ጫፍ ሁለት ይሆናል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ የደገመ ሰው ከአንድ እግር የሚያገኘው ቅጠል ዝም ብሎ ካሳደገው በእጅጉ ይበልጣል። የቆረጡትን ጫፍ አይጣሉት፤ የዕለቱን ሽሮ ያሸትታል።

ክሽክሽ ከያዘው በጥቂት የልብስ ሳሙና የተበጠበጠ ውኃ የቅጠሉን ሥር ይጠቡት፤ በማግሥቱ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። ችግኝ የሚቆርጥ ትል ካለ በዙሪያው አመድ ይነስንሱ። ለእህል የተገዛ ፀረ ተባይ ለጓሮ ቅመም አይርጩ። ማሳው ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ለጤፍ የሚረጨው «ቱ ፎር ዲ» ሣር መሰሉን ጤፍ ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ለማጥፋት የተሠራ ስለሆነ ነፋስ ካመጣው በሶብላዎን ያጠወልገዋል፤ ቅጠሉም ይጠማዘዛል። እንዲህ የሆነ ተክል ለምግብ አይሁን። ርጭት በሚካሄድበት ቀን ቅጠል አይልቀሙ።

መሰብሰብ

የውጭ አገር የአትክልት መጻሕፍት «አበባ እንዳያወጣ ቁረጡ» ይላሉ። ምክንያታቸው ለስላሳ ቅጠል ስለሚፈልጉ ነው፤ ተክሉ ካበበ በኋላ ጉልበቱን ወደ ዘር ያዞራል፤ ቅጠሉም ያንሳል። የእኛ እናቶች ግን የሚፈልጉት አበባውን ነው። ለሽሮና ለበርበሬ የሚደርቀው ከነአበባው የተቆረጠው ዘለላ ነውና። ስለዚህ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፤ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጫፉን እየቆረጡ ለምለም ቅጠል ይብሉ፤ ከዚያ ትተውት ያብብ።

ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይቁረጡ። የሽታው ምንጭ የሆነው ዘይት በዚያ ሰዓት ቅጠሉ ውስጥ በደንብ አለ፤ ረፋዱ ላይ ሙቀት ይወስደዋል። በአንድ ጊዜ ከተክሉ ሲሶ በላይ አይውሰዱ። የመጨረሻው ቆረጣ ከሆነ ግን ከሥሩ ማጨድ ይችላሉ። ሁለት ወይም ሦስት እግር ግን ለዘር ይተዉ። የአበባው ዘለላ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ቆርጠው በወረቀት ውስጥ ያራግፉት፤ ነፍተው በደረቅ ብልቃጥ ያስቀምጡ። ዘሩ በደረቅ ቦታ ጥቂት ዓመታት ይቆያል።

ማድረቅና ማስቀመጥ

ማድረቅ ለጤና ከመዝራቱ የበለጠ ይመለከታል። በሶብላ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል። በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ በሰፌድ ላይ ሳሳ አድርገው ያስጡት፤ ወይም ትንንሽ እስር አድርገው አንገቱን ወደ ታች ይስቀሉት። ማድ ቤት ውስጥ ጭስ ላይ አይስቀሉት። በቀን አንድ ሁለቴ ያገላብጡ። ቅጠሉ በጣት ሲነካ ተሰባብሮ ካልደቀቀ አልደረቀም። አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ስለሆነ 1 ኪሎ እርጥብ በሶብላ ከደረቀ በኋላ አንድ ሁለት እፍኝ ያህል ብቻ ነው የሚቀረው። አይደንግጡ።

ሳይደርቅ የታሸገ ቅመም ሻጋታ ያወጣል። አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይሠራሉ፤ ለረጅም ጊዜ በምግብ ሲወሰድ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። በአገራችን በበርበሬና በሽሮ ናሙናዎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ይህ መርዝ ተገኝቷል። መርዙን ሙቀት በቀላሉ አያጠፋውም፤ ማቡላላትም ሆነ ማማሰል አያስተማምንም። የሻገተውን ክፍል አንስቶ ሌላውን መጠቀምም አይበቃም፤ ሻጋታው ከሚታየው ርቆ ይሄዳልና። ስለዚህ በርበሬውንም በሶብላውንም እስኪሰበር ድረስ ያድርቁ፤ መሬት ላይ በቀጥታ አያስጡ፤ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ። በደቀቀ መልክ ከማስቀመጥ ከነዘለላው አስቀምጦ ለሚያስፈልገው ያህል በሙቀጫ መውቀጥ ሽታውን ያቆየዋል።

በገበታ ላይ፦ በሶብላና ጨው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ልክ ሞልቶ የተላገ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የሚቆጠረው ግን ወጥ ላይ የሚጨመረው ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት በርበሬና ምጥን ሽሮ ወፍጮ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ጨው ይገባባቸዋል። ከዚያ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። ታካሚው «ጨው አቁሜአለሁ» ሲል እውነቱን ነው፤ ጨው ግን በርበሬው ውስጥ አለ።

ስለዚህ ቤተሰቡ በዓመት አንዴ በርበሬ ሲያዘጋጅ ነው ውሳኔው የሚወሰነው። ጨው ሳይገባ ያስፈጩ፤ በምትኩ በሶብላውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን በርከት ያድርጉ። ጨው በርበሬውን ከብልሽት ይጠብቃል የሚሉ አሉ፤ በደንብ የደረቀ በርበሬ ግን ያለ ጨውም ይቆያል። ለታማሚው ብቻ ሌላ ወጥ መሥራት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት አያልፍም፤ ለቤቱ ሁሉ ጨው የቀነሰ በርበሬ ማዘጋጀት ግን ይዘልቃል። ምላስ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይለምዳል። ደረቅ በሶብላ ወጡ ሊወርድ ሲል ቢነሰነስ ሽታው ሳይተን ይቆያል።

የሚጠቀሙት ጥቂት ጨው ግን አዮዲን ያለው ይሁን፤ እንቅርት በደጋው አዲስ ነገር አይደለም። አዮዲን በሙቀት፣ በፀሐይና በቆይታ ስለሚቀንስ ጨውን በዝግ ዕቃ አስቀምጦ ምግቡ ሲበስል መጨመር ይሻላል። በርበሬ ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ጨው ይህን ጥቅም ያጣል።

በግልጽ ለመናገር፣ በሶብላ ራሱ የደም ግፊት መድኃኒት አይደለም። የሚረዳው ጨው በመተካቱ ነው። ኪኒንዎን አያቁሙ። ንጥር ቅቤ ውስጥ መግባቱም ቅቤውን ለልብ ቀላል አያደርገውም፤ ቅቤው ያው ቅቤ ነው። ጾም ላይ በዘይት የሚሠራው ሽሮ በሶብላ ሲገባው ቅቤ ሳይናፍቅዎት ሊቀር ይችላል፤ ይህኛው እውነተኛ ጥቅም ነው።

ትኩሳት ሲመጣ፦ ዳማከሴ፣ ምችና ወባ

አሁን ወደ አሳሳቢው ነገር እንምጣ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ቁርጥማት ሲጀምር በአካባቢያችን የመጀመሪያው ቃል «ምች ነው» የሚል ነው። ዳማከሴ ይቆረጣል፣ ይታሻል፤ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ ይሸተታል፣ ሰውነት ይታሽበታል። ሰውየው ይተኛል፤ ያልበዋል፤ ቀለል ይለዋል።

ቀለል ማለቱ ውሸት አይደለም። የዳማከሴ ቅጠል ጭማቂ በአይጦች ላይ ሲሞከር ትኩሳትን የማውረድ ጠባይ አሳይቷል። ብዙውን ጊዜም ሕመሙ ጉንፋንን የመሰለ፣ በራሱ የሚያልፍ ነገር ስለሚሆን ቅጠሉ አዳነ ይባላል። ከንፈር ላይ የሚወጣው «የምች ቁስል» እንኳን በቫይረስ የሚመጣ፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት በራሱ የሚድን ነው። ችግሩ የወባ ትኩሳትም መነሻው እንዲሁ መምሰሉ ነው። ወባ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ያልባል፣ ሰውየው ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። በመካከሉ ያለውን እረፍት ቅጠሉ ያመጣው ይመስላል። ዳማከሴ ትኩሳቱን ቢያበርድም የወባን ተሕዋስ ከደም አያጠራም፤ ተሕዋሱ በደም ውስጥ መባዛቱን ይቀጥላል።

«ደጀን ደጋ ነው፤ ወባ የለም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ይተላለፋል። ከከተማችን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ለእርሻ፣ ለቀን ሥራ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወደ በረሃው ወርዶ ያደረ ሰው በወባ ትንኝ ሊነደፍ ይችላል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ፣ ወይም ወደ ቤኒሻንጉል የሚሄዱ ወጣቶችም እንዲሁ። ትንኟ ከነደፈች በኋላ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ7 ቀን እስከ 1 ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ ሰውየው ደጋ ላይ ቤቱ ገብቶ፣ መንገዱን ረስቶ ይታመማል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ደገኛ ደግሞ ለወባ የለመደ ሰውነት ስለሌለው ሲይዘው ይጠናበታል። ታሪኩም ይህን ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከወትሮው ወጥቶ በኢትዮጵያ ከፍ ያሉ ቦታዎች በተዛመተ ጊዜ ወደ 3 ሚሊዮን ሰዎች ታመው 150 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል።

ስለዚህ ምክሬ ዳማከሴ አትጠጡ የሚል አይደለም። አዋቂ ሰው ዳማከሴውን ጠጥቶ በዚያው ቀን ይመርመር። ባለፈው አንድ ወር ወደ ቆላ ወርዶ የነበረ ሰው ትኩሳት ከጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። የጣት ደም ተወስዶ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል ነው የሚወስደው። ወባ ከሆነ የሚሰጠው ኪኒን እንደ ተሕዋሱ ዓይነት ይለያያል፤ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አይውሰዱ፤ የተሰጠዎትንም ቢሻልዎ እንኳ ይጨርሱ። ለባለሙያው «በረሃ ወርጄ ነበር» ብለው እርስዎ ራስዎ ይንገሩ። ሳይጠየቁ የሚነገር ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ያፋጥነዋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው የወባ ወቅት ደግሞ ይበልጥ ይጠርጥሩ። በዚህ ወቅት ነው በሶብላው የሚያብበው፣ ዳማከሴውም የሚለመልመው።

ወባ አለመሆኑ ቢረጋገጥም ነገሩ አላለቀም። በደጋው ተስቦና በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ እንዲሁ ትኩሳት ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ከመተማ ወይም ከሁመራ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያልለቀቀው፣ የከሳና የግራ ጎኑ ያበጠ ሰው የካላዛር ምርመራ ያስፈልገዋል።

የሚከተሉት ከታዩ ጭማቂ ሲዘጋጅ መጠበቅ የለም፤ ታማሚውን ወዲያው ይውሰዱ። ማንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት፣ የአነጋገር መዛባት፣ የአንገት መገተር፣ የያዘውን ሁሉ ማስመለስ፣ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የዐይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ ትንፋሽ መፍጠን፣ መቆም አለመቻል። ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ከያዛቸው እነዚህ ምልክቶች እስኪመጡ አይጠበቅም።

ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና መድኃኒት ለሚወስዱ

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ምንም አይሰጥም፤ የዳማከሴም የበሶብላም ጭማቂ አይሰጥም። በማንኛውም ዕድሜ ላለ ልጅ አፍንጫና ዐይን ውስጥ የቅጠል ጭማቂ አይጨመርም። ጭማቂው ወደ ሳንባ ሊገባ፣ ዐይንንም ሊያቆስል ይችላል።

ነፍሰ ጡር ሴት በወጥ ውስጥ ያለውን በሶብላ ያለ ሥጋት ትብላ። ተጨምቆ የሚጠጣ ብዙ ቅጠልና በብልቃጥ የሚሸጥ የቅጠል ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይቅርባት። በቡና ጀበና አጠገብ የማይታጣው ጤና አዳም ደግሞ በብዛት ሲጠጣ ማሕፀንን ሊያነሣሣ ስለሚችል በእርግዝና ጊዜ መጠጣት የለበትም።

የልብ ቧንቧ በር ተቀይሮላቸው ወይም የልብ ምታቸው ተዛብቶ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። በሶብላ እንደ ጎመን ሁሉ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። ወጥ ላይ የሚነሰነስ ቁንጥር ለውጥ አያመጣም። ጓሮው ሲለመልም በየቀኑ በእፍኝ መብላት ጀምሮ በኅዳር ድንገት ማቆም ግን የደሙን ልክ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ያድርጉት፤ የአመጋገብ ለውጥ ካለም ለሚከታተልዎት ሐኪም ይንገሩ፤ የደም ምርመራው ቀን ሊቀርብ ይችላል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው «የበሶብላ ሻይ ስኳር ያወርዳል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። መድኃኒትን የሚተካ አይደለም። ስኳር ሳይጨመርበት ከተፈላ ግን ሦስት ማንኪያ ስኳር ካለበት ሻይ በእጅጉ ይሻላል፤ ሁለት ሦስት እርጥብ ቅጠል በደንብ አጥበው ለአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ይበቃሉ።